የቀሩትን ሁሉ በስም የጠሩት ወይዘሮ ኢግናሺያ ፖሊዶር

ወይዘሮ ኢግናሺያ ፖሊዶር ከእናታቸው ከወይዘሮ ክሌሜንስ ፖሊዶር እና ከአባታቸው ከአቶ ሂላሪዮን ድዩፕሬ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1931 በደሴታችን በሴንት ኢሌር፣ አንስ ክራብ በተባለው የባሕር ዳር መንደር ተወለዱ። የአባታቸው ስም እዚህ መስመር ላይ ለመድረስ ዘጠና ሦስት ዓመት ፈጅቶበታል። እንዴት እንደደረሰ በቦታው ይነገራል።

እናታቸው የድዩፕሬን ቤት ልብስ የሚያጥቡ ሲሆኑ፣ አባታቸው ባለትዳርና የካካዎ መጋዘን ባለቤት ነበሩ። በልደት መዝገቡ የአባት ስም በሚጻፍበት ቦታ አንዲት ሰረዝ ብቻ ተጋድማለች። ስድስት ዓመት ሲሞላቸው ከመነኮሳቱ ትምህርት ቤት ሊገቡ ሄደው፣ መዝጋቢዋ መነኩሲት «አባትሽ ማን ይባላል?» ቢሏቸው፣ «ሰረዝ» ብለው መለሱ። መነኩሲቷ እንደ ድፍረት ቆጥረው እስከ ምሳ ሰዓት አንበረከኳቸው። ልጅቷ ግን ወረቀቱ ላይ ያየችውን ነበር ያነበበችው። ወረቀት ላይ ያለውን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ማንበብ ከዚያ ቀን ጀምሮ ልማዳቸው ሆነ።

በ1949 በዚያው ትምህርት ቤት ረዳት መምህርት ሆኑ። በ1955 በዋና ከተማችን በፖርት ኢሌር የሬዲዮ ጣቢያ ሲከፈት በጽሕፈት ሥራ ተቀጠሩ። የሞት ማስታወቂያ አንባቢው ድምፁ በጉንፋን የተዘጋ ዕለት «ለዛሬ ብቻ» ተብለው ማይክሮፎኑ ፊት ተቀመጡ። ያ «ዛሬ» አርባ አንድ ዓመት ቆየ።

በእኛ አገር ሰው የሚሞተው ሁለት ጊዜ ነው፤ መጀመሪያ በአልጋው ላይ፣ ቀጥሎም ለሰባት ሰዓት ሩብ ጉዳይ በሬዲዮ። ሁለተኛው ካልተፈጸመ የመጀመሪያውን የሚቀበል የለም። በዚያች ሰዓት አውቶቡስ ይቆማል፤ ለምሳ የሚጠበሰው የዳቦ ፍሬ ፍም ላይ ያርራል፤ ዶሚኖ የሚጫወተው ጠጠሩን እንደያዘ ይቀራል። ሕዝቡ ማ ናሺ ብሎ የሚጠራቸው እኚህ ሴት የሟቹን ስምና ቅጽል ስም ካሉ በኋላ የቀሩትን ይዘረዝራሉ፦ ልጆቹን፣ እህት ወንድሞቹን፣ ብሩክሊን ያለችውን የአክስት ልጅ፣ አጥር የሚጋራውን ጎረቤት ሳይቀር። ስሙ ከዝርዝሩ የቀረ ዘመድ ቀብር ላይ የት እንደሚቆም አያውቅም።

በ1957 የጀልባ አናጺውን አቶ ፊሊቤር ሞንዴዚርን አግብተው ሦስት ልጆች ወለዱ።

በ1959 ኔፖሙሴን የሚባሉ ዓሣ አጥማጅ፣ ሞክሼያቸው የሆነ የአጎታቸው ልጅ ሞቶ፣ በስሕተት እሳቸው እንደሞቱ ተነበበ። ሰውዬው ከባሕር ሲመለሱ ሚስታቸው ጥቁር ለብሰው ደጃፍ ላይ ቆመዋል። «ማ ናሺ ሞቷል ብላለች፤ አንተ ደግሞ ማነህ?» ተባሉ። በቀጥታ ጣቢያው ድረስ መጡ።

«ማ ናሺ፣ እንደምታዪኝ በሕይወት አለሁ!»

«አያለሁ፣ አባቴ። ነገር ግን እርማት የምንቀበለው በጽሑፍ ነው፤ የሚፈርመውም ማስታወቂያውን የጻፈው ሰው ነው።»

ማስታወቂያውን የጻፉት አማታቸው ስለነበሩ፣ አቶ ኔፖሙሴን አማታቸው እስኪስማሙ ሦስት ቀን ሞተው ሰንብተዋል። በአራተኛው ቀን «እርማት፦ አቶ ኔፖሙሴን አልሞቱም፤ ሐዘንተኞች ወደየቤታችሁ» ተብሎ ተነበበ። ያን ጊዜ ሚስታቸው ምሳ አቀረቡላቸው።

በሴፕቴምበር 1961 ከወይዘሮ ኢግናሺያ ጠረጴዛ ላይ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ የተጻፈ ማስታወቂያ ደረሰ። አቶ ሂላሪዮን ድዩፕሬ አርፈዋል። የቀሩት «ባለቤታቸውና አምስት ሕጋዊ ልጆቻቸው» ናቸው። የጻፈው የበኩር ልጃቸው፣ ወጣቱ ጠበቃ ኦገስቲን ድዩፕሬ ነበር። ስድስተኛዋ ልጅ አነበቡት፤ አልጨመሩም፣ አልቀነሱም። አምስቱንም በየስማቸው ጠሩ። በቀብሩ ዕለት ከገበያ ሴቶች ጋር ከመቃብሩ አጥር ውጭ ቆመው ዋሉ። ስለዚያ ቀን ለልጆቻቸው የተናገሩት «ዝናብ ነበር» የሚለውን ብቻ ነው።

እንግሊዞች ሊወጡ በተቃረቡበት በ1974 የነጻነታችንን አዋጅ የሚጽፍ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰባቱም ጠበቆች፣ ሰብሳቢያቸውም ክቡር ኦገስቲን ድዩፕሬ ነበሩ። ለአራት ወር ተከራከሩ። አንደኛው «ሉዓላዊነት» ይቅደም ሲል፣ ሌላው «ፈጣሪ» ይቅደም አለ፤ እርቅ ለማውረድ ሲባል ሁለቱንም በአንድ ዓረፍተ ነገር አስገቧቸው። ይኸው ዓረፍተ ነገር ያለ አንድ ነጥብ ገጽ ሙሉ ወረደ። አዋጁን በሬዲዮ ለሕዝብ የሚያነቡት ማ ናሺ እንዲሆኑ ተወሰነና፣ ልምምድ እንዲያደርጉ ወደ ኮሚቴው በረንዳ ተጠሩ።

እኩሌታው ላይ ትንፋሻቸው አለቀ።

«ክቡራን፣ ይህ ዓረፍተ ነገር እስኪያልቅ ሁለት አዛውንት ያርፉብናል።»

ጠበቆቹ ሳቁ። እሳቸው አልሳቁም፤ «እኛ የዚህች ምድር ሕጋዊ ልጆች» ከሚለው ላይ ደርሰው ወረቀቱን አስቀመጡ።

«ምነው፣ ወይዘሮ ፖሊዶር?» አሉ ሰብሳቢው።

«ሟቹንስ አውቄዋለሁ፤ የእንግሊዝ አገዛዝ ነው፣ ነፍሱን ይማር። የቀሩት ዝርዝር የታለ?»

«የቀረው መላው ሕዝብ ነው። ተጽፏል እኮ።»

«‹ሕጋዊ› ያላችሁት ማንን ለማስቀረት ነው?»

«ማንንም። የሕግ ቋንቋ ነው።»

«ክቡር ጠበቃ፣ ይችን ቃል በእጅ ጽሑፍዎ ከዚህ በፊት አንብቤልዎታለሁ። አንድ ጊዜ። ሁለተኛ አላነባትም።»

ለማን እንደሚናገሩ ከሰባቱ የማያውቅ አልነበረም፤ ደሴቲቱ ትንሽ ናት። ከትዳር ውጭ የተወለደ የደጅ ልጅ የሌለበት ቤትም ከሰባቱ መሐል አልነበረም። ክቡር ኦገስቲን ሌላ አንባቢ እንደሚፈለግ ተናገሩ። ይህን ጊዜ የኮሚቴው ሽማግሌ አቶ ቴሌማክ ባዚል በከዘራቸው ወለሉን መቱ።

«አንተ ኦገስቲን፣ ኔፖሙሴን እንኳ በሕይወት መኖሩ የታመነው እሷ ስታነበው ነው። እሷ ካላነበበችው ነጻ መውጣታችንን ማን ያምነናል? ብዕሩን ስጣት!»

ወይዘሮ ኢግናሺያ ብዕሩን አልተቀበሉም። እሳቸው ሲናገሩ ሰብሳቢው እንዲጽፉ ጠየቁ፤ ክቡር ኦገስቲንም ጻፉ። ማ ናሺ የሚያውቁት አንድ ዓይነት ጽሑፍ፣ የሞት ማስታወቂያ ብቻ ነበርና አዋጁም በዚያው መልክ ወጣ፦ «እኛ በቤትም በደጅም የተወለድን የአንስ ክራብ፣ የሞርን ቪዬል፣ የላ ሪቪየር ልጆች» ብሎ ይጀምርና ሃያ ሦስቱንም መንደሮች ይጠራል። ቅኝ ገዢው ከካርታው ያወጣት የሥጋ ደዌ ሕሙማን ሠፈር ፖይንት ላዛርም አልቀረችም። ቀጥሎ ባሕር ማዶ ያሉት ይጠራሉ። ዛሬ የትምህርት ቤት ልጆች በቃላቸው የሚወርዱት ይህን ነው። የደጅ ልጅ እንዲወርስ የፈቀደው የ1980ው ሕግም የቆመው በዚያች መስመር ላይ ነው።

ከሰነዱ ግርጌ የሰባቱ ጠበቆች ፊርማ አለ። እሳቸውም እንዲፈርሙ ቢለመኑ «አንባቢ አይፈርምም» አሉ። ክቡር ኦገስቲን እስከ ደረጃው ሸኝተዋቸው «ኢግናሺያ፣ ያ የስድሳ አንዱ ነገር…» ብለው ሲጀምሩ፣ «እርማት ካለ በጽሑፍ ነው» ብለዋቸው ወረዱ።

በ1996 ጡረታ ወጡ። በ2003 ባለቤታቸውን በሞት ተነጠቁ። የራሳቸውን የሞት ማስታወቂያ ቀደም ብለው ጽፈው ነበር፤ የወላጆች መስመር ላይ ሲደርሱ የእናታቸውን ስም ጽፈው፣ ከጎኑ አንዲት ሰረዝ አሰመሩ። ባለፈው ዓመት የደም ግፊት አልጋ ላይ ጣላቸው።

እሑድ ማርች 10 ቀን የዘጠና አምስት ዓመቱ ክቡር ኦገስቲን ድዩፕሬ በሁለት ሰው ተደግፈው መጡ። ከኪሳቸው ወረቀት አወጡ፤ «ላንብብልሽ?» አሏቸው። ወይዘሮ ኢግናሺያ በዚያች በቀረቻቸው ድምፅ «እኔ ጋ አይደለም። ጣቢያው ጋ» አሉ።

ማክሰኞ ለሰባት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሬዲዮው ከትራሳቸው አጠገብ ነበር። «እርማት፦ በሴፕቴምበር 1961 ያረፉት የአቶ ሂላሪዮን ድዩፕሬ ልጆች ስድስት ናቸው። ስድስተኛዋ ኢግናሺያ ናት። የጻፍኩት እኔ ነበርኩ፤ ኦገስቲን ድዩፕሬ።» ቤቱ በሙሉ አለቀሰ። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ሲያዳምጡ ቆይተው፣ በእሳቸው ቦታ ስለተተካው የሃምሳ ሁለት ዓመት አንባቢ «ልጁ ይቸኩላል። ስም ላይ አይቸኮልም» አሉ። ከዚያ ወዲያ አልተናገሩም። በማግስቱ ረቡዕ ማርች 13 ቀን 2024 ጠዋት አረፉ። ሰረዟን ልጆቻቸው ሰርዘው የአባታቸውን ስም ጻፉባት።

የቀሩት እነዚህ ናቸው፤ የሚያነብም በዝግታ ያንብብ፦ ልጆቻቸው ሴራፊን፣ ኤውዜብ እና ማርስሊን፤ ሰባት የልጅ ልጆቻቸው፤ አጥር የሚጋሯቸው ወይዘሮ ኦርታንስ፤ እንዲሁም ወንድማቸው ኦገስቲን፣ በቀብራቸው ዕለት ከመቃብሩ አጥር ውስጥ፣ ከፊተኛው መደዳ የተቀመጡት።

በቤትም በደጅም የተወለደውን ሁሉ ሳይቸኩል በስሙ የሚጠራ አምላክ ነፍሳቸውን በስሟ ይጥራት።