ማክሰኞ ያየሁት ሜዳ

ሰኞ፣ ጥር 4፣ ምሳ ሰዓት
ቅጽ እየሞላሁ ነው። ዛሬም ቅጽ። በማዘጋጃ ቤቱ የአካባቢና የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ እኔ ብቻ ነኝ፤ መሐንዲሶቹ «የወረቀቷ ልጅ» ይሉኛል። ይበሉ። አበዳሪው ባንክ ለጎርፍ መውረጃው ቦይ ገንዘብ የሚለቀው ይህን ቅጽ አይቶ ነው፦ ማን ይነሣል? ምን ይጠፋል? ሕዝቡ ተጠይቋል ወይ? ሁሉም ተሟልቷል። የባንኩ ሰው የፊታችን ሳምንት ረቡዕ ይመጣል።
ምሳ አሣ በላሁ። ብቻዬን። ጥሩ ነበር፤ ግን ለማን ይነገራል? ላንቺ ነገርኩሽ፣ ደብተሬ።

ማክሰኞ፣ ጥር 5፣ ከምሽቱ 1፡00
ከደብረ ማርቆስ ወደዚህ ደቡብ ከተማ ከመጣሁ ዓመት ከመንፈቅ ሆነ። ጋሽ ዋዳ ባይኖሩ አፌ ይዘጋ ነበር። ጎረቤቴ ናቸው፤ ሸማኔ፣ የኦቾሎ መንደር ሰው። የሚለየን አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። ጠዋት የመወርወሪያቸው ድምፅ ይቀሰቅሰኛል። ከላንቴ መንደር ሙዝ ሲመጣላቸው ከበራፌ ያኖሩልኛል፤ እኔ ሻይ እወስድላቸዋለሁ።
ዛሬ የቦዩን ካርታ አሳየኋቸው። ልኩራራ ብዬ ነው፣ አልዋሽሽም። ጣታቸውን በመስመሩ ላይ አስኬዱ፤ ቆሙ። ይህ ትልቁ ሾላ ያለበት አይደለም ወይ አሉኝ። አዎ፣ ባዶው ሜዳ አልኳቸው። ሻዩን ሳይጨርሱ ተነሡ።
ምን አጠፋሁ?

ሐሙስ፣ ጥር 7
ሁለት ቀን። ሰላምታ በራስ ንቅናቄ ብቻ። አላስቻለኝም፤ አንኳኳሁ።
ነገሩኝ፦ ሜዳው ዱቡሻ ነው። ሽማግሌዎች የሚቀመጡበት፣ የተጣላ የሚታረቅበት፣ የአገር ነገር የሚቆረጥበት። በሾላው ሥር ያሉት ድንጋዮች መቀመጫዎች ናቸው። እኔ ግን ያኔ ለጥናቱ ማክሰኞ ቀን ሄጄ ሰው ስላጣሁ «ባዶ መሬት፤ ተጠቃሚ የለም» ብዬ ጻፍኩ።
«ልጄ፣ አንቺ ያየሽው ማክሰኞን ነው» አሉኝ። ቁጣ እንኳ የለበትም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።
ታዲያ በቀበሌው አዳራሽ ሕዝቡን ሰብስቤ ተቃውሞ ያለው አለ ወይ ብዬ ስጠይቅ እርስዎም ነበሩ፣ ለምን ዝም አሉ? አልኩ። የዱቡሻ ነገር የሚነሣው እዚያው ዱቡሻ ላይ ነው፤ በሰው አዳራሽ፣ ታላላቆች ሳይናገሩ አፍ መክፈት ነውር ነው አሉኝ። እኔ ያንን ዝምታ በቃለ ጉባኤ ላይ «ተቃውሞ የለም» ብዬዋለሁ። አፈርኩ። እንቅልፍ የለም።

ዓርብ፣ ጥር 8፣ 5፡00
ለኃላፊዬ ለአቶ ተስፋዬ ነገርኩ። መስመሩ ይዙር ከተባለ ክረምት ይቀድመናል አለ፤ አምና ጎርፍ የሰው ቤት መግባቱን አስታወሰኝ። እውነቱን ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ደግሞ ኮንትራትሽ የካቲት ላይ ያልቃል አይደል? አለኝ፣ የቀን መቁጠሪያውን እያየ። ገባኝ።

ሰኞ፣ ጥር 11
ጥምቀት። ታቦት ሸኘሁ። ሰው ሁሉ ከሰው ጋር ነው። እናቴ ደወለች፤ ከማን ጋር ዋልሽ? ከጓደኞቼ ጋር አልኳት። በዓል ቀን ዋሸሁ።
ስመለስ በሜዳው በኩል መጣሁ። ማንም የለም። ከድንጋዮቹ አንዱ ላይ ተቀመጥኩ። መሐሉ ጎድጎድ ብሎ ለስልሷል። ስንት ሰው፣ ስንት ዘመን ተቀመጠበት? ያን ለጥናት የመጣሁ ማክሰኞ በአጠገቡ ሳልፍ ካርታዬን እያየሁ ነበር።

ረቡዕ፣ ጥር 13፣ ጠዋት 12፡30
ጻፍኩ። «ባዶ መሬት» የሚለውን ሰረዝኩ። ከሥሩ፦ ቦታው ዱቡሻ ነው፤ ተጠቃሚዎቹ በአግባቡ አልተጠየቁም፤ ስሕተቱ የእኔ ነው። ቦዩ በመንገዱ ዳር እንዲዞር፣ ሽማግሌዎቹም እዚያው ሜዳው ላይ እንዲጠየቁ። ፈረምኩ። ፊርማዬ ይነበባል።
የመወርወሪያው ድምፅ ገና አልጀመረም ነበር። በሩ ላይ ቆሜ ቅጹን ለጋሽ ዋዳ አነበብኩላቸው። ብዙ ዝም አሉ። ዝምታቸውን አሁን አልተረጉምም፤ ጠበቅኩ። ቅዳሜ ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ አሉ በመጨረሻ። ያጠፋ ሰው መጥቶ በአፉ ይናገራል። አብረን እንሄዳለን አሉኝ።
አብረን።
የባንኩ ሰው 3፡00 ላይ ይደርሳል፤ ይህንኑ ቅጽ እሰጠዋለሁ። አቶ ተስፋዬ ፊቱን ያጠቁርብኛል፤ የካቲትንም አላውቅም። ቅዳሜ ግን እዚሁ ነኝ።