በሃምሳ አምስት ዓመታቸው ቡሬ ላይ ተማሪ የሆኑት ወይዘሮ ሀብትነሽ ወልደ ሥላሴ (1959–2018 ዓ.ም.)

ወይዘሮ ሀብትነሽ ከአባታቸው ከመሪጌታ ወልደ ሥላሴ ዓለሙ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አስካለ ማርያም በምዕራብ ጎጃም፣ ቡሬ ወረዳ፣ ደረቋ አካባቢ ኅዳር 12 ቀን 1959 ዓ.ም. ተወለዱ። መሪጌታ የቅኔ መምህር ነበሩና ሴት ልጃቸውን ከደቀ መዛሙርቱ ጋር አስቀምጠው ፊደል አስቆጠሯቸው፤ ዳዊትም አስደገሟቸው። ሀብትነሽ ግን ከመመለስ ይልቅ መጠየቅ ይቀናቸው ስለነበር፣ አባትየው «ይህችስ አስተማሪ የምታደክም ናት» እያሉ ይስቁ እንደነበር ቤተሰቡ ያስታውሳል።

ዘመናዊ ትምህርታቸውን በቡሬ ጀምረው በ1977 ዓ.ም. በፍኖተ ሰላም አሥራ ሁለተኛ ክፍልን አጠናቀቁ። የኅብረት ሥራ ሥልጠና ወስደውም በ1979 ዓ.ም. ደምበጫ ላይ ሥራ ያዙ። በ1983 ዓ.ም. በዚያው ያስተምሩ ከነበሩት ከአቶ ይሄይስ ጋር በቅዱስ ቁርባን ጋብቻ ፈጽመው፣ ስመኘውን እና ትሕትናን ወለዱ። ቤተሰቡ ወደ ፍኖተ ሰላም ከተዛወረ በኋላ ልጆች እያሳደጉ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን በርቀት ትምህርት ያገኙ ሲሆን፣ ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ በርበሬና በቆሎ አምራች ገበሬዎችን ያሰባሰበ ዩኒየን በሥራ አስኪያጅነት መርተዋል።

የወይዘሮ ሀብትነሽ ሕይወት እዚህ ላይ ቢያበቃ እንኳ የተከበረ ሕይወት ይሆን ነበር። እሳቸው ግን ገና መጀመራቸው ነበር። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ወር፣ ሃምሳ አምስት ዓመት ሊሞላቸው አንድ ወር ሲቀራቸው፣ ቡሬ ባለው የዩኒቨርሲቲ ካምፓስ በሚሰጠው የቅዳሜና እሑድ መርሐ ግብር በቢዝነስ ስትራቴጂና ዲጂታል ሽግግር ለሁለተኛ ዲግሪ ተመዘገቡ። አቶ ይሄይስ ወሬውን ሲሰሙ ባለቤታቸው ጡረታ የሚወጡበትን ጊዜ እንጂ ትምህርት የሚጀምሩበትን እንዳልጠበቁ ተናግረው ነበር። የወይዘሮ ሀብትነሽ መልስ አጭር ነበር፦ «ጡረታውም ይደርሳል፤ መጀመሪያ የማላውቀውን ልወቅ።»

ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት ቅዳሜ ሌላ ቀን ሆነ። ወይዘሮ ሀብትነሽ ከፍኖተ ሰላም መናኸሪያ የመጀመሪያውን ሚኒባስ ይዘው ቡሬ ይወርዳሉ፤ እሑድ ሲመለሱ ነጠላቸውን እንኳ ሳያወልቁ የተማሩትን ለባለቤታቸው ያስረዳሉ። ለቅሶ ቤትም ሠርግ ቤትም ተቀምጠው ስለ ተወዳዳሪነት ያወሩ ነበር። አንድ ጊዜ በእኅታቸው ልጅ ሠርግ ላይ ሙሽሮቹን መርቁ ቢባሉ «ስትራቴጂ ያለው ትዳር ያድርግላችሁ» ብለው ድንኳኑን በሳቅ ሞሉት። አቶ ይሄይስም ለጠየቃቸው ሁሉ «የተማርነው ሁለታችን ነን፤ ዲግሪው የሚሰጠው ግን ለእሷ ብቻ ነው» ይሉ ነበር። የክፍል ጓደኞቻቸው የልጆቻቸው እኩዮች ሲሆኑ፣ «እትየ» እያሉ ይጠሯቸው ነበር። ከእነሱ አንዷ፣ የባንክ ሠራተኛዋ ምስክር፣ ኮምፒዩተር ስታለማምዳቸው እሳቸው ደግሞ ገበያ እንዴት እንደሚነበብ ያስተምሯት ነበር።

ለመመረቂያ ጥናታቸው የመረጡት የራሳቸውን ዩኒየን ችግር ነበር። አባላቱ የቡሬን የዕለት ዋጋ ስለማያውቁ በርበሬያቸውን መንገድ ላይ ለደላላ እየሸጡ፣ ዩኒየኑ ሊፈርስ ተቃርቦ ነበር። ወይዘሮ ሀብትነሽ ዋጋ የሚያሳይ የስልክ መተግበሪያ በምስክር እገዛ አሠሩ። ነገር ግን ሥራው ሊጀመር ሲል በአካባቢው ኢንተርኔት ተቋረጠ። መንገዱም ሲዘጋ ሲከፈት ከረመ፤ ትምህርቱም በዚያው ተጓተተ። ብዙዎቹ ጥናታቸውን ሲተዉ፣ እሳቸው ሐሳባቸውን ከሥሩ አፍርሰው እንደገና ሠሩት። የድምፅ ስልክ ይሠራ ነበርና፣ ገበሬው ስልኩን ሲያነሳ የዕለቱን ዋጋ በተቀዳ ድምፅ የሚሰማበትን አሠራር ቀየሱ። ድምፁም የራሳቸው ነበር።

የዩኒየኑ ሊቀመንበር አቶ ተስፋው በቦርድ ስብሰባ ላይ አጥብቀው ተቃወሙ። «ገበሬ ፊት አይቶ እንጂ የስልክ ቱቦ ሰምቶ የሚያምን አይዶለም» አሉ። ወይዘሮ ሀብትነሽም የራሳቸውን ፊት ገበሬው የሚያየው በዓመት አንዴ በጠቅላላ ጉባኤ መሆኑን፣ ድምፃቸውን ግን በየገበያው ዋዜማ እንደሚሰማው አስረዱ። በሁለት ቀበሌ እንዲሞከር፣ ካልሠራ ሥራቸውን በፈቃዳቸው እንደሚለቁም በቃለ ጉባኤ አስያዙ። ያን የበርበሬ ወቅት ቤተሰቡ በጭንቀት አሳለፈው። የሁለቱ ቀበሌ ገበሬዎች ግን ዋጋውን እየሰሙ ደላላውን መሞገት ያዙ፤ ቀጥሎም ምርታቸውን ወደ ዩኒየኑ መጋዘን ማምጣት ጀመሩ። ወቅቱ ሳያልቅ የእኔም ቀበሌ ይካተትልኝ ብለው ቢሯቸው የመጡት ራሳቸው አቶ ተስፋው ነበሩ።

በዚህ ደስታ መካከል፣ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ፣ የጡት ካንሰር እንዳለባቸው ታወቀ። ባሕር ዳር ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ሲመለሱ ልጆቻቸው ትምህርቱን እንዲያቆሙ ለመኗቸው። እሳቸውም እንዲህ አሉ፦ «እግዜር ሲጠራኝ እሄዳለሁ። እስከዚያ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ቡሬ ነኝ።» ከዚያ ወዲያ የከለከላቸው አልነበረም፤ ትሕትና አብራቸው ትመላለስ ጀመር።

ሰኔ 21 ቀን 2017 ዓ.ም. ጥናታቸውን ለፈታኞች አቀረቡ። አዳራሹ ጋቢ በለበሱ የዩኒየኑ አባላት ተሞልቶ ስለነበር ተማሪዎች ቆመው ነበር የሚከታተሉት። ለሕመማቸው ሲባል ወንበር ተሰጥቷቸው ተቀምጠው ሲያስረዱ ቆዩ። በመጨረሻም አንደኛው ፈታኝ ተራ የስልክ ጥሪ እንዴት ዲጂታል ሽግግር ሊባል እንደሚችል ጠየቋቸው። ወይዘሮ ሀብትነሽ በዚህ ጊዜ ወንበሩን ይዘው ተነሡ። «የተሸጋገረው ውሳኔው ነው፤ ዱሮ ዋጋ የሚቆርጥ ነጋዴው ብቻ ነበር። ዛሬ ገበሬው ሰምቶ፣ አስቦ፣ እምቢ ማለት ይችላል» አሉ። ውጤቱ «እጅግ በጣም ጥሩ» ተብሎ ሲነገር ከኋላ የተቀመጡት እናቶች እልልታውን አቀለጡት፤ አቶ ተስፋውም ጋቢያቸውን አውልቀው አለበሷቸው። አቶ ይሄይስ ባለቤታቸውን በዚያ ቀን እንዳዩዋቸው ያህል ደስ ብሏቸው አይተዋቸው እንደማያውቁ ይናገራሉ።

ወይዘሮ ሀብትነሽ ሕመሙ እየጸናባቸውም ቢሆን አሠራሩን ለቀሩት ቀበሌዎች ሲያዳርሱ ቆይተው፣ ጥር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በሃምሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት የነበሩ ሲሆን፣ ሦስት የልጅ ልጆችንም አይተዋል። ልጃቸው ትሕትናም እናቷን ልታስታምም በተመላለሰችበት በዚያው ትምህርት ክፍል ዘንድሮ ተመዝግባለች፤ እናትየው ይህን በሕይወት ሳሉ ሰምተው፣ «እንግዲህ እሑድ እሑድ እኔ አዳማጭ ልሁን» ብለዋት ነበር።

ለባለቤታቸው፣ ለልጆቻቸው፣ ለዩኒየኑ አባላትና ለክፍል ጓደኞቻቸው ሁሉ ልዑል እግዚአብሔር መጽናናቱን ያድልልን። ጠይቀው የማይጠግቡትን እናታችንን፣ ዕውቀት ሁሉ ከሚቀዳበት ከእርሱ ዘንድ ያኑርልን፤ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ አባቶችና እናቶች ጉባኤ ይደምርልን። አሜን።