ሚስጥር፣ ዓሣው ፍሪጅ ውስጥ ነው

ሚስጥር፣

እህቴ ጋ ሐሙሲት ሄድሁ። ነገ ማታ እመለሳለሁ።
ዓሣው ፍሪጅ ውስጥ ነው፤ ከነቅርፊቱ።

እሑድ እጮኛሽ ሣህሉ እናቱን ይዞ ቤታችን ሲመጣ የዓሣ ወጡን የሠራሁት እኔ ነበርሁ። እማማ ወለተ ሩፋኤል «ማን ሠራው?» ሲሉ «እኔ» አልሽ። «እጅሽ ይባረክ» ሲሉሽም ዓይን ዓይኔን እያየሽ አሜን አልሽ። ከኢንተርኔት እያየሁ ስለማመድ «የስልክ ወጥሽ ደረሰ?» እያልሽ ስትስቂብኝ የከረምሽው አንቺው!


ዛሬ ጠዋት ደወልሁላቸውና «ሚስጥር አሠራሩን ልታሳይዎ ትፈልጋለች» አልኋቸው። በጣም ደስ አላቸው። ለምሳ ይመጣሉ። የወደፊት ምራታቸውን አጠገቧ ቆመው፣ ከቅርፊቱ ጀምሮ ሊያዩ ነው።

ጥሩ ጥሩዎቹን ድረ ገጾች በስልክሽ ልኬልሻለሁ። ፎቶ ብቻ የሚያበዙትን ተያቸው፤ በርበሬውን በማንኪያ የሚለካው ይሻልሻል።
ዓሣው ድስት ውስጥ እንዳይፈራርስ የማደርገውን ግን አንዳቸውም አልጻፉትም። እኔም ስንቱን ዓሣ ገንፎ አድርጌ ነው የደረስሁበት።
ከምትስቂብኝ ብትጠይቂኝ ኖሮ እነግርሽ ነበር።

አሁን ስልኬን አጥፍቻለሁ።

ትንቢት