ለመናፈሻው ትንሽ በር ስለተሸለመው ጓጉንቸር

ለተከበሩ አቶ ሠረቀብርሃን፣
ከመናፈሻችን ጎን ለቆመው ባለ አሥር ፎቅ ሆቴልና መኖሪያ ሕንፃ ሥራ አስኪያጅ፣
ዲላ

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? መብራት በጠፋ ቁጥር ሊፍቱ ቀጥ ስለሚል ጉልበትዎን እንዲያጠናልዎ ዘወትር እጸልያለሁ። እኔ ጋዲሳ ነኝ፤ ከመናፈሻው ማዶ ባለው የቡና መጋዘን ጆንያ ተሸካሚ። በማታ ትምህርት በሰባት ወር ከሀ እስከ ፐ ጨርሻለሁ፤ መምህርት መሰረትም «እንዳንተ ያለ ተማሪ አላየሁም» ብለውኛል፤ ለምን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

አንደኛ፦ ባለፈው ማክሰኞ ከሰባተኛ ፎቅ በረንዳ የወደቀች ካልሲ መናፈሻው ውስጥ ምሳ ስበላ ቆጮዬ ላይ አረፈች። ሌላው ቢሆን ያጉረመርም ነበር፤ እኔ ግን ያለ ማባያ ስበላ አይታችሁ እንደሆነ ገብቶኝ አመሰግናለሁ። ጓደኛዋን እየጠበቅኩ ነው።

ሁለተኛ፦ ይኼኛው ቀልድ የለውም። መናፈሻው የከተማው ሆኖ ሳለ፣ ለእንግዶቻችሁ ጸጥታ ብላችሁ የጀርባውን ትንሽ በር በጓጉንቸር ዘግታችኋል። የመጋዘናችን ቡና ለቃሚ ሳምራ የአራት ወር ልጇን የምታጠባው በምሳ ሰዓት መናፈሻው ውስጥ ነው፤ እናቷ ሕፃኑን አዝለው በዚያች በር ይገቡ ነበር። አሁን ሕንፃችሁን ዞረው እስኪደርሱ የሥራ ደወል ይደወላል፤ ልጁም ሳይጠግብ ይመለሳል። ከአሥረኛው ፎቅ ሩቋ ቡሌ ከተማ ድረስ ይታያል ይባላል፤ በሩ ሥር ሕፃን አዝለው የቆሙ እናት ግን ቅርብ ስለሆኑ ሳይታዩዎት እንደቀሩ እረዳለሁ።

ሦስተኛ፦ ይህንኑ በቃል ልናስረዳ ብንመጣ፣ ጸሐፊዎ ወይዘሪት ፍሬ «እናንተዬ፣ ቅሬታ በጽሑፍ ካልሆነ አንቀበልም፤ በሉ ጻፉና አምጡ!» ብለው ሳቁብን። ሳቃቸው ያምራል፤ እግዜር አያጉድልባቸው። ይኸው ጻፍኩ፤ ያውም አንድ ቦታ ብቻ ሰርዤ።

ጆንያ ስላለማመደኝ ጎንበስ ብዬ እጅ መንሳት የማይከብደኝ፣ በሩ እስኪከፈት ግን ቀና ብዬ የምጠብቅ፣
አክባሪዎ ጋዲሳ
(በጣት አሻራ ሳይሆን በገዛ እጁ የፈረመ)

ማስታወሻ፦ መምህርት መሰረት ይህን ደብዳቤ አይተው ለክፍሉ በሙሉ የቤት ሥራ አድርገውታል። አርባ ሦስት ነን፤ ሠላሳ አንዱ ቡና ለቃሚዎች ናቸው። ሰኞ በምሳ ሰዓት ሁላችንም ስለዚያች በር የጻፍነውን ይዘን በሰልፍ እንመጣለን፤ ወይዘሪት ፍሬም እንደ ደንባቸው አንድ በአንድ ፈርመው ይቀበሉናል። ሳምራ ተራዋ እስኪደርስ ልጇን እርስዎ ቢሮ ቁጭ ብላ ታጠባለች፤ ሶፋው ከመናፈሻው አግዳሚ ይሻላል ሲባል ሰምተናል።