ከኮን ልጆች ጋር የተመታ መለያ ምት

ማክሰኞ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት
ፈተና እያረምኩ ነው። «ሹትአውት» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል በአማርኛ ግለጹ ብዬ ነበር። ያየሁት ወረቀት ሁሉ አንድ መልስ፦ የተኩስ ልውውጥ። ልክ ናቸው። ላሊበላ ላደገ ልጅ ይሄን ቃል ማስረዳት አያስፈልግም። ደከመኝ። ሻይ ላፍላ።

12 ሰዓት
ማስታወሻዬ፣ ሁለት ወረቀት ግራ አጋባኝ። ሐዋ፣ የስልክ ጠጋኙ ልጅ፣ «ሁለት የስልክ ካሜራ ማወዳደር» ብላለች። ኤክስ ላደርግ ብዬ ተውኩት። ደሳለኝ ደግሞ «የመለያ ምት»። የት/ቤታችን የኳስ ቡድን በረኛ ነው። በጦርነቱ ጊዜ ጥይት ከግራ እጁ ሁለት ጣት ወስዶበታል። ጥይት የቀመሰ ልጅ ኳስ ይጻፍ? ደጋግሜ አየሁት።

ረቡዕ፣ በእረፍት ሰዓት
ወረቀቱን መለስኩ። ሐዋን ጠየቅኳት። ቪዲዮ ላይ ሁለት ስልክ ያጋጥሙና የትኛው አጥርቶ እንደሚያነሣ ያያሉ አለች። «ማንም አይጎዳም ቲቸር።» ክፍሉ ሳቀ። ደሳለኝ ቆሞ፣ ተኩሱንም አውቀዋለሁ፣ የምወደውን ነው የጻፍኩት ብሎ ተቀመጠ። ለሁሉም ሙሉ ማርክ ሰጠሁ። ይህን ያህል ዘመን ሳስተምር ቃሉን በአንድ ዓይን ብቻ ነበር የማየው።

ቅዳሜ፣ ጠዋት
የኮን ከተማ ት/ቤት ቡድን በአይሱዙ መኪና መጣ። አቧራ ለብሰዋል። ከሰዓት ጨዋታ አለ። እነ ሐዋ ካልመጣሽ አሉኝ። ሰው የተሰበሰበበት ቦታ መሄድ ከተውኩ ቆየሁ። ልሂድ እንዴ? እሺ፣ እሄዳለሁ።

ቅዳሜ፣ 12 ሰዓት ተኩል
ጫማዬን እንኳ አላወለቅኩም። ግን ልጻፈው።

አንድ ለአንድ አለቀ። መለያ ምት። ሐዋና እኔ ከጎሉ አጠገብ ነን። የመጨረሻዋ ምት የኮን ናት፤ ከገባች እነሱ ያሸንፋሉ። መቺው ቀጭን ልጅ ነው። ኳሷን አስቀመጠ፣ ወደ ኋላ ተራመደ። ከጋራው በኩል ተኩስ። አንዴ፣ ከዚያ ተከታታይ።

ሜዳው ሁሉ መሬት ላይ። ማንም አልጮኸም፤ ሁላችንም እንዴት እንደሚተኛ እናውቃለን። አፌ ውስጥ አፈር። የሐዋን ትከሻ ጨብጫለሁ።

ቀና ስል ደሳለኝ እየተነሣ ነው። ብቻውን። ወደ መቺው ሄደ። ልጁ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ተኝቷል። አጠገቡ ቁጭ አለ።

«ሰርግ ነው። ስማ፣ ከበሮው።»

እውነትም ከበሮ ይሰማል። ሙሽራ እያመጡ ነው።

«እግሬ አልታዘዝ አለኝ» አለ ልጁ።

«የኔም። ድንጋጤው ሲለቅህ ትመታለህ።»

ጠበቁ። ዳኛው ፊሽካውን አፉ ላይ እንዳደረገ አልነፋም። ሰው አንድ በአንድ እየተነሣ ልብሱን አራገፈ፤ ቶሎ በሉ ያለ የለም። ያን ያህል ሕዝብ የአንድ ልጅ ጉልበት እስኪመለስ ዝም ብሎ ሲጠብቅ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ አላየሁም። በመጨረሻ ደሳለኝ እጁን ሰጥቶ አነሣው፣ ወደ ጎሉ ተመለሰ።

ልጁ መታ። ደሳለኝ ወደ ግራ ዘለለ። ኳሷ ጣቶቹ በሌሉበት በኩል አልፋ ገባች።

ተሸነፍን። መጀመሪያ ያጨበጨበው የኛ ሰው ነው። እኔም አጨበጨብኩ፣ መዳፌ እስኪግል። ለማን እንደሆነ አላውቅም።

2 ሰዓት
የአይሱዙው ሹፌር መሽቷል፣ አልነዳም አለ። ልጆቹን ማን ያሳድራል ተባለ። ብቻዬን ከቀረሁ ወዲህ በሬን ከመሸ ለማንም ከፍቼ አላውቅም። አሁን ሦስቱ እኔ ዘንድ ናቸው። መቺው ጫማውን በር ላይ አውልቆ፣ እትዬ የት ልቀመጥ ይለኛል። ሽሮ ጥጄያለሁ። ፍራሹን ከጓዳ ላወጣ ነው፣ ብርድ ልብስ ደግሞ ከእነ ሐዋ ቤት እዋሳለሁ።