አንድ ጭብጥ ሳር

ለውድ አባቴ ለአቶ ዋቅጅራ፣

የጌታ ሰላም ከእርስዎም፣ ከእህቴ ከሶሬቲም ጋር ይሁን። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ዓይንዎ እየጠራ መሆኑን ሰምተን ቤቱ በእልልታ ተሞላ። እኛም እዚህ ቡልቡላ ደህና ነን።

ስለ ሳሩ ጠይቀውኝ ነበር። እርስዎ ሲያጭዱ ግራ እጅዎን ጨብጠው መሬት ላይ ያቆሙና ከጭብጥዎ በላይ ያለውን ብቻ ይቆርጡ ነበር። ተመልሶ ጉልበት እስኪደርስም ማጭድ አያስነኩትም። እኔ ግን ከኮንዶሚኒየሙ ለልደትም ለምርቃትም ሳር ፈላጊው ሲበዛ፣ ማሽን ተውሼ ከሥሩ ላጨሁት። ፈጥኖ የሚያድግ መስሎኝ በየአሥር ቀኑ ደጋገምኩት። በአራተኛው ማሽኑ አፈር አነሳ።

ላሚቱ አለች። ወተት ለጊዜው ከሱቅ እየገዛን ነው። ባለፈው በስልክ ድምፅዋን አሰማኝ ሲሉኝ ኔትወርክ የለም ያልኩዎት፣ ተኝታ ስለነበር ነው። ሰሞኑን መተኛት ታበዛለች።

ጠዋት ጠዋት እወጣና እንደ እርስዎ ጭብጤን መሬት ላይ አቆማለሁ። እስካሁን ከትንሿ ጣቴ ያለፈ ሳር የለም።

ሐኪሙ ከአቧራ ይጠንቀቁ ብሎዎት የለ? እዚህ ደግሞ አቧራው ለጉድ ነው። መምጣትዎ ካልቀረም በዋናው በር ይግቡ፤ በሳሩ በኩል አይምጡ።

አባዬ፣ ዓይንዎ ቶሎ እንዲያይ ሌት ተቀን የጸለይኩት እኔ ነኝ። አሁን ግን ክረምቱ እስኪገባ አይቸኩሉ።

ጉልበትዎን ስሜያለሁ።

ልጅዎ አብዲሳ