የቀበርኳቸው አራት ረድፎች

ሰኞ፣ ሐምሌ 14 ቀን 1978

የግራ ቦት ጫማዬ ያፈሳል። ቀኙ ደህና ነው። አንድ ፋብሪካ፣ አንድ ካርቶን፤ ታዲያ ግራውን ምን በደልኩት? ችግሬ ሁሉ ይኸው ቢሆን ደስ ባለኝ። ወገቤም አለ።

የእህቴ ልጅ ሰብለ እኔንና ጥቂት ሠራተኞችን እዚህ በሰው አገር፣ ባሕር ጠረፍ ላይ ሣር ታስተክለናለች። ውኃ ውስጥ የሚበቅል ሣር ነው፤ ትንንሽ ዓሦች የሚያድጉበት። እዚህ ዳርቻ ላይ ድሮ ነበር፣ አለቀ። እንደገና ይይዝ እንደሆነ መሞከር የዩኒቨርሲቲ ጥናቷ ነው። ቅዳሜ ፕሮፌሰሯ መጥታ ተከላውን ታያለች። ካልወደደችው የከርሞው ጥናት ቀረ ማለት ነው።

"አምስት ዓመት ተምረሽ ሣር ተካይ ሆንሽ" አልኳት።

"ኦኬ ጋሼ፣ አንተ ሳትማር ሆንክ" አለችኝ።

ተሸነፍኩ።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 15

ባሕሩ የሚሸሽልን ለሦስት ሰዓት ያህል ብቻ ነው። በዚያች ጊዜ ቀና ማለት የለም። ጥቂት ሣር በታጠፈ ሽቦ ታስራለህ፣ ጭቃው ውስጥ ሁለት ጣት ያህል ትሰካለህ፣ ታልፋለህ። ሁለት ጣት ብቻ። ጎመን እንዲህ ብተክል አባቴ ከጓሮው ያባርረኝ ነበር።

ሰብለ ራቅ ስትል የራሴን አራት ረድፍ እስከ እጄ አንጓ ቀበርኩና በቦቴ ረገጥ ረገጥ አደረግኩት። ለማንም አልተናገርኩም። የሌሎቹን ማዕበል ሲነቅለው፣ የእኔ ቆሞ ሲገኝ ልስቅባት አስቤ።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 16

ጾም። ሆድ ባዶ፣ ካልሲ ርጥብ።

ሰብለ አንዱን ሠራተኛ አጥልቆ በመትከሉ ስትቆጣ ሰማሁ። ሣሩ ከሁለት ጣት በላይ ከተቀበረ ታፍኖ ይሞታል፤ እዚያ ጭቃ ውስጥ አየር የለም። ልጁ ላይ ከሁሉም በላይ የሳቅኩት እኔ ነኝ። ያ ሳቅ በአውቶቡስ እስከ ሰፈሬ፣ እስከ ስካይዌይ ድረስ አጠገቤ ተቀምጦ መጣ።

ነገ እነግራታለሁ። ወይም ሳታይ አስተካክለዋለሁ። ሁለተኛው ይሻላል።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 17

አይሻልም። ውኃው ሸሸት እንዳለ ቀድሜ ገባሁ። አንዱን ረድፍ ነቅዬ እንደገና ተከልኩ፤ እጄ ደነዘዘ። ሁለተኛውን ስጀምር ከኋላዬ መጣች።

"ጋሼ፣ ምን እያደረግክ ነው?"

ነገርኳት።

"ስንት ረድፍ?"

"አራት።"

ይህች ልጅ ስትናደድ እንግሊዝኛ ትናገራለች። ዛሬ ግን በአማርኛ፣ ቀስ ብላ፣ "ነገ አትምጣ ጋሼ" አለችኝ። ያ ባሰብኝ።

ዓርብ፣ ሐምሌ 18

ቤት ዋልኩ። ለጎረቤቴ "ነገ ገብርኤል ነው፣ ለበዓሉ ልዘጋጅ ብዬ ነው የቀረሁት" አልኩት። ገብርኤል ይቅር ይበለኝ።

ከቀትር በኋላ፣ ውኃው በሚሸሽበት ሰዓት፣ እግሬ በራሱ ተነሣ። መልሼ አስቀመጥኩት። የግራውን ቦት በብስክሌት ጎማ ቁራጭ ለጠፍኩት፤ የት ልሄድበት እንደሆነ እንጃ። ደክሞኛል። የሥራ ድካም በእንቅልፍ ይወጣል፤ ይኼኛው አልወጣም።

በር ተንኳኳ። ሰብለ አይደለችም፣ እሷ ቁልፍ አላት። በመጋረጃው ስንጥቅ አየሁ። ነገ ትመጣለች የተባለችው ፕሮፌሰሯ ናት፣ አንድ ቀን ከሩቅ ያየኋት ሴትዮ፤ እስከ ጉልበቷ ጭቃ። በእጇ አንድ ጥንድ አዲስ ቦት ይዛለች።

ቦቱ ለእሷ እግር በጣም ትልቅ ነው፤ የእኔ ልክ ነው፣ ልኬንና ቤቴን ደግሞ ከሰብለ በቀር ማንም አይነግራትም። ልክፈት።